ቀንድ አውጣዋ አጠገብ የቆመችው ሴት

በሁለት ሺህ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ሚናሴ ደሴት ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው አልነበረም። የመጨረሻዋ ተወላጅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስታደርቅ የኖረች አሮጊት፣ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ከቤቶቹ ጭስ ይወጣል፤ ገመድ ላይ ልብስ ይሰጣል፤ ወደቡ ዳር መረብ የሚጠግን ሰው ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች ከካትማንዱ፣ ከሴቡ፣ ከኪሱሙ፣ ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። የሥራ መደባቸው «ነዋሪ» ይባላል።

ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉ ደሴቶችና መንደሮች በዚያን ጊዜ ብዙ ነበሩ። ወጣቱ አልቆ፣ ሽማግሌው ሞቶ፣ ቤቱ ብቻ ቀርቷል። ጎብኚ ደግሞ ባዶ መንደር ውስጥ ሲዞር ይከፋዋል፤ የመቃብር ቦታ የገባ ይመስለዋል። ስለዚህ ደሴቶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት ሰው ካለባቸው አገሮች ሰው ያስመጣ ጀመር። ነዋሪው የጃፓን ስም ይወጣለታል፤ የድሮ ልብስ ይለብሳል፤ ስልክ አይይዝም። ጎብኚ ሲያልፍ ከሥራው ቀና ብሎ እጅ ይነሳል።

ሚናሴ ላይ ብዙ የጥበብ ሥራ አለ። ሰው ባሕር የሚሻገረው ግን ለአንዷ ነው። ወደ ባሕሩ በሚገባው የሲሚንቶ መንገድ ጫፍ ላይ፣ ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ፣ ቤት የምታክል ቢጫ ቀንድ አውጣ ተቀምጣለች። ማዕበል ሲመጣ በክሬን ተነስታ መጋዘን ትገባለች፤ ሲያልፍ ትመለሳለች። እሷን ለማየት የተመዘገበ ሰው ተራው እስኪደርሰው ዓመታት ይጠብቃል።

ናሆም ታረቀኝ ስለ ቅርጻ ቅርጽ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ባትሪ የሚጠግን፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። ወደ ሚናሴ የሄደው ታናሽ እህቱን ፍለጋ ነበር።

እህቱ ማራማዊት የሄደችው ልጇ ሶልያና ሦስት ዓመት ሲሞላት ነው። ትሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞቹን በማሽን ተክቶ አሰናበታቸው፤ የልጅቷ አባት ቀድሞ ጠፍቷል። ማራማዊት «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ልጇን ለእናቷ ለወይዘሮ ፍሬሕይወትና ለናሆም ትታ ሄደች። ሁለቱ ዓመት አምስት ሆነ፤ አምስቱ ዐሥራ አንድ።

እሁድ እሁድ፣ እናትየው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ማራማዊት ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ትመጣለች። ሶልያና ምሳዋን ይዛ ስክሪኑ ፊት ትቀመጣለች። ከእናቷ ጋር እንዲያ ነው የምትበላው። ጸጉሯን መጎንጎን ከዚያ ተማረች፤ ማባዛትና ማካፈል ከዚያ ተማረች፤ የመጀመሪያ የወር አበባዋ የመጣ ጊዜም ለአያቷ ሳይሆን ለስክሪኑ ነበር በሹክሹክታ የነገረችው። ወይዘሮ ፍሬሕይወት ዘወትር ሊለያዩ ሲሉ «መቼ ነው የምትመጪ ልጄ?» ይላሉ። ማራማዊትም «በሚቀጥለው ዓመት፣ እማዬ» ትላለች።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት በጥር ወር አረፉ። እሁድ ለት ናሆም ለእህቱ ነገራት። ማራማዊት ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጮኸች፤ ነጠላዋ ከግራ ትከሻዋ ወደቀ። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ከስክሪኑ ጋር አብረው አለቀሱ።

አርባው ከወጣ በኋላ በነበረው እሁድ ማራማዊት እንደ ሁልጊዜዋ መጣች፤ የሶልያናን ትምህርት ጠየቀች፤ የናሆምን የወገብ ሕመም ጠየቀች። ከዚያ፦

«እማዬስ? ጉልበቷ ተሻላት?» አለች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ማራማዊት ለአፍታ ደርቃ ቀረች፤ ወዲያው «ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ» ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ነጠላዋ ከግራ ትከሻዋ ወደቀ። ያው ልቅሶ ነበር።

ናሆም ዞሮ ሶልያናን አያት። ልጅቷ ቀና አላለችም፤ ምሳዋን ትበላ ነበር።

ቤተሰብ ለመጠየቅ ብሎ ቪዛ ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። ነዋሪ በዘመድ አይጠየቅም ተባለ። ስለዚህ ቀንድ አውጣዋን ለማየት አመለከተ። ዕድል ቀንቶት አንድ ሰው ተራውን ስለሰረዘ፣ በጥቅምት ወር ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር ጀልባው ላይ ተቀመጠ።

አስጎብኚው አቶ ኦጋታ የሚባሉ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ ጃፓናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ጀልባው ሲነሳ ቆመው ደንቡን ተናገሩ፤ ንግግራቸው በየሰዉ ጆሮ በየቋንቋው ይተረጎማል። ነዋሪዎቹን በጃፓንኛ ሰላም ማለት ይቻላል። በሌላ ቋንቋ ማነጋገር፣ መንካት፣ ስጦታ መስጠት አይቻልም። ቀንድ አውጣዋ ዘንድ የምትቆመው ሴት ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ፎቶ ታነሳለች።

«ደግ ሴት ናት፤ ባሕሩ ዳር ነው ተወልዳ ያደገችው» አሉ አቶ ኦጋታ። ጎብኚዎቹ ደስ አላቸው። እውነት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃሉ፤ ግን ደስ አላቸው።

መንደሩ ንጹሕ ነበር። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትበልታለች። ወደቡ ዳር ረጅም፣ ጠይም ሰው መረብ ይጠግናል። ናሆም የሰውየውን ግንባርና አፍንጫ ሲያይ የአገሩ ሰው መሆኑን ጠረጠረ። አጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጤና ይስጥልኝ» አለው።

የሰውየው እጅ መረቡ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ናሆምን አየው። አቶ ኦጋታ መለስ ብለው ሲመለከቱ ግን በጃፓንኛ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ መረቡ አቀረቀረ። ናሆም ከራቀ በኋላ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ሰውየው መረቡን ጉልበቱ ላይ ትቶ በዓይኑ ይከተለው ነበር።

ቀንድ አውጣዋ በፎቶ ከሚያውቃት ትበልጣለች። ቢጫው ቀለም ከታች በጨው ተልጦ በአዲስ ቢጫ ተሸፍኗል፤ አዲሱና አሮጌው አይመሳሰሉም። ሁለቱ ቀንዶቿ ከሰማዩ ጋር ብቻቸውን ናቸው። ጎብኚዎቹ ሲያዩዋት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አንዳንዶቹ የዓመታት ጥበቃቸው ስላለቀ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የጠፋቸው መሰሉ።

ከሥሯ አንዲት ሴት ሰማያዊ ጨርቅ ራሷ ላይ አስራ፣ በእርጥብ ጨርቅ ዛጎሉን ትወለውላለች።

ናሆም ወዲያው አላወቃትም። የእሁዷ ማራማዊት አንድም ሽበት የላትም። ይህቺ ከሰማያዊው ጨርቅ ሥር የወጣው ጸጉሯ አመድ መስሏል፤ ጀርባዋ ጎብጧል። ያወቃት እርጥቡን ጨርቅ ስትጨምቅ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ልብስ ስትጨምቅ ታችኛው ከንፈሯን ትነክሳለች።

ተሰለፉ። እያንዳንዱ ጎብኚ ካሜራውን ይሰጣታል፤ ሄዶ ከቀንድ አውጣዋ ሥር ይቆማል፤ ታነሳዋለች፤ ጎንበስ ብላ ትመልስለታለች። የናሆም ተራ ሲደርስ ካሜራውን ዘረጋላት። ልትቀበለው ቀና አለች።

እጇ ካሜራው ላይ ቀረ።

«ናሆም?» አለች፤ ከንፈሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ።»

«ሂድ ወደዚያ ቁም። ከቀንዷ ሥር። ሳቅ በል፤ ያዩናል።»

ሄዶ ቆመ። እሷ ካሜራውን ወደ ፊቷ አስጠግታ ከጀርባው ተሸሸገች።

«ምን ሆናችሁ ነው? ሶልያና ናት?»

«ሶልያና ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ? እሁድ ለት እመጣለሁ አላልከኝም።»

«እሁድ አነጋገርሽኝ?»

«ምን ማለትህ ነው? አንተንም፣ ሶልያናንም፣ እማዬንም አነጋገርኩ። እማዬ አዲሱን መነጽሯን አሳየችኝ። አምሮባታል።»

የናሆም ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል። መዋሸት ይችል ነበር፤ ማታ በጀልባው ሲሄድ ምንም ሳይነግራት መለየትም ይችል ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አሰበው።

«ማራዬ» አለ፤ «እማዬ አርፋለች። በጥር ነው ያረፈችው።»

«አይደለም» አለች፤ የተሳሳተ ልጅ እንደምታርም፣ በጣም በእርጋታ። «ያለፈው እሁድ አነጋግሬያታለሁ።»

«ቀብረናታል፣ እህቴ። ሰልስቷን፣ አርባዋን አውጥተናል። አንቺም በስክሪን ሆነሽ ከኛ ጋር አልቅሰሻል።»

«እኔ?»

«አንቺን የምትመስል። እኛ አንቺ መስላን ነበር።»

ካሜራው ከፊቷ ዝቅ አለ። ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየው።

«ሦስት ጊዜ ልምጣ ብያታለሁ» አለች። «ሦስት ጊዜ። 'እዚያው ሁኚ ልጄ፤ እኛ ደህና ነን፤ ልጅቷን አትረብሻት' አለችኝ። እማዬ ራሷ ናት ያለችኝ፣ ናሆም። እኔ እኮ ለዚህ ነው የቀረሁት።»

«እማዬ እስክትሞት ድረስ 'መቼ ነው የምትመጪ' ስትልሽ ነው የኖረችው።»

«ምን አልኳት?»

«በሚቀጥለው ዓመት።»

ማራማዊት ካሜራውን ሲሚንቶው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። ሰማያዊውን ጨርቅ ከራሷ ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረችው። ከዚያ ደረቷን መታች። ድምፁ ደረቅ ነበር፤ ባሕሩ ዳር የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

«እማዬ! ሳልቀብርሽ! ሌላ በስሜ አልቅሶልሽ!»

ናሆም ሊይዛት ሄደ፤ አመለጠችው። ከቀንድ አውጣዋ ሥር ወዲያና ወዲህ እያለች፣ በአገሯ ወግ፣ እጇን እያነሳች ሙሾ አወረደች።

«እሁድ እሁድ እያልኩ ሳወራ ከመስታወት፣
ለካስ አፈር ለብሳ ከርማለች የኔ እናት።»

የጎብኚዎቹ ካሜራዎች አንድ በአንድ ተነሱ። አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች አጠገቧ ላለው ሰው «ይህኛውን ማንም አልነገረኝም። በየቀኑ ያሳያሉ?» አለችው።

ናሆም ቀና ሲል ረጅሙ ሰውዬ ከወደቡ እየሮጠ ሲመጣ አየ። መረቡ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠምጥሞ ይጎተታል። ከኋላው ዓሣ ስትበልት የነበረችው ሴት፣ ቢላዋዋን እንደያዘች። ከዚያ ሌሎች። አማርኛ የሚችለው አንዱ ብቻ ቢሆንም ልቅሶ መሆኑን ሁሉም ያውቁታል።

ረጅሙ ሰውዬ ናሆም ፊት ሲደርስ ትንፋሹ አጥሮት ነበር።

«ወንድሜ፣ ከየት ነህ?»

«ከኮምቦልቻ።»

«እኔ የኩታበር ልጅ ነኝ። ያፌት እባላለሁ። አባቴ አቶ ሙሉነህ ይባላል፤ ንብ ያረባል፤ ኩታበር ሁሉም ያውቀዋል። በሕይወት አለ?»

ናሆም አቶ ሙሉነህን አያውቃቸውም። ኩታበር የሄደውም በልጅነቱ ነው።

«አላውቅም» አለ። «ይቅር በለኝ፤ አላውቅም።»

ያፌት ራሱን ነቀነቀ። ዓሣ ስትበልት ወደነበረችው ሴት ዞሮ ሙሾውን በጃፓንኛ ነገራት። ሴቲቱ ሰማችው፤ ለቀጣዩ ነገረችው። ነገሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ ናሆም በፊታቸው ላይ ይከታተለው ነበር። የጮኸ የለም። እያንዳንዱ ባለበት ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ባለፈው እሁድ ያነጋገረውን ሰው ያስታውስ ጀመር።

አቶ ኦጋታ ጎብኚዎቹን ወደ ሻይ ቤቱ ላኩ። ናሆምንና ማራማዊትን ወደብ አጠገብ ወዳለች ትንሽ ክፍል ወሰዷቸው፤ ውኃ ቀዱላቸው፤ ጓንታቸውን አወለቁ። ከዚያ እስከ ወገባቸው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

«የእሁዱ አገልግሎት በውሉ ላይ አለ» አሉ። «መጽናኛ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ጥሪው እውነተኛ ነበር። ግን ነዋሪዎቹ ከቤተሰብ ጋር ካወሩ በኋላ ለቀናት ያዝኑ ነበር፤ ብዙዎቹም ይሄዱ ነበር። ቤተሰቡም እንደዚሁ ይጨነቅ ነበር። አሁን ሁለቱም ወገን ረጋ ብሏል።»

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ?» አለች ማራማዊት።

አቶ ኦጋታ መልስ ከመስጠታቸው በፊት በጆሯቸው ከድርጅቱ የሚነገራቸውን ሰሙ።

«ከሦስተኛው ዓመትዎ ጀምሮ።»

ማራማዊት በልቧ አሰላችው። ሶልያና ያኔ ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ጥርሷ ሲወልቅ፣ ፊደል ስትቆጥር፣ ከብስክሌት ወድቃ ክንዷ ሲሰበር፣ ያጽናናቻት ሌላ ናት። እሷም እዚህ ሆና ያጽናናቻት ሌላ ልጅ ናት።

«የኔዋ ልጅ ክንዷ ተሰብሮ ነበር?» አለች ወደ ናሆም ዞራ።

«አዎ። ግራ ክንዷ።»

«እሱንስ ነግረውኛል» አለች።

«ማንም አልታሰረም» አሉ አቶ ኦጋታ። «ዛሬውኑ መሄድ ይችላሉ። ሁልጊዜም ይችሉ ነበር።» ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «የእኔም ልጅ ኦሳካ ናት። በየሳምንቱ ትደውልልኛለች» አሉ።

«እሷ ራሷ ናት?» አለ ናሆም።

ሽማግሌው ጓንታቸውን ጣት በጣት እያስገቡ መልሰው አጠለቁ።

«ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

ማራማዊት የራሷን ልብስ ለብሳ ጀልባው ላይ ወጣች። የመጣችበት ቀሚስ ነበር፤ ከትከሻው ሰፍቷታል። ያፌትና ሌሎቹ ወደቡ ላይ ቆመው ሸኟት። ያፌት የአባቱን ስምና የቤቱን አቅጣጫ ደጋግሞ ለናሆም ነገረው፤ ናሆምም እንደሚሄድ ማለለት። ጀልባው ገና ብዙ ሳይርቅ ቀንድ አውጣዋ ሥር አንዲት ሴት ሰማያዊ ጨርቅ አስራ ስትወለውል ታየች። ማን እንደሆነች ከዚያ ርቀት አይለይም።

አውሮፕላን ውስጥ ማራማዊት አንድ ጊዜ ብቻ «ምን ትወዳለች?» ብላ ጠየቀችው። ናሆም የሚያውቀውን ነገራት፦ ስዕል፣ ሎሚ በጨው፣ ዝናብ ሲዘንብ ደጅ መቀመጥ። ማራማዊት ግማሹን እንደምታውቅ፣ ግማሹን እንዳልሰማች ነገረችው። የትኛው እውነት እንደሆነ ከእሱ እያረጋገጠች፣ አንዱን ያዘች፣ አንዱን ጣለች።

ውሉ ስለፈረሰ አገልግሎቱ በዚያው ሳምንት ተቋርጧል። እሁድ ለት ስክሪኑ አልበራም። ናሆም ቀድሞ ደውሎ ለሶልያና ሁሉንም ነግሯት ነበር። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ «እሺ» ብቻ አለችው። ናሆም እስኪመለስ ከሰነበተችበት ጎረቤት ቤት ወደራሳቸው ቤት ተመልሳ፣ እሁዱን ሙሉ የጠፋው ስክሪን ፊት ተቀምጣ ዋለች። በማግሥቱ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። ጎረቤቶቹ ለአያቷ መሰላቸው።

ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሶልያና በሩን ከፈተች። ከእናቷ በቁመት በልጣለች። ዓይኗ አብጧል። ማራማዊትን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ሽበቷን፣ በጨው የተሰነጣጠቀውን እጇን፣ የጎበጠውን ትከሻዋን። ያቺን የስክሪኗን «አንቺ» ትላት ነበር፤ ትቆጣት፣ ትቀልድባት፣ ታኮርፋት ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ» አለች።

ናሆም ሊገሥጻት አፉን ከፈተ። ማራማዊት ክንዱን ያዘችው።

«ተዋት» አለች። ወደ ልጅቷ አንድ እርምጃ ተጠጋች፤ ልትስማት እጇን አነሳች፤ የጥቁሩን ቀሚስ እጅጌ ስታይ ለማን እንደተለበሰ ገባትና እጇን መለሰችው።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አለች። «ልግባ?»

ሶልያና ከበሩ ዞር አለችላት።